ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ባሕር

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው መድፍ የተሰየመው በባሕር ወደብ ነው። ሴባስቶፖል ክሪሚያ ውስጥ፣ ጥቁር ባሕር ዳር ያለች የጦር መርከብ ከተማ ናት፤ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከሩሲያ ጋር ተዋግተውባታል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የነበሩትን ሚሲዮናውያን አስገድደው ያሠሩት ትልቁ መድፍ በሷ ስም ተጠራ። ፒያሳ ያለው ቅጂው ነው። ዋናው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሟል። ከደብረ ታቦር እዚያ ለማድረስ ወራት ፈጅቷል፤ መንገድ እየተቆፈረ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ።

ጠላታቸው ግን የመጣው በመርከብ ነው። የናፒየር ጦር ከሕንድ ተነስቶ ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ወረደ፤ 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ። ባሕር ያለው ዝሆኑን ሳይቀር ጭኖ ሲመጣ፣ ባሕር የሌለው አንድ መድፍ ተራራ ለተራራ ይጎትት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነገሩ አለቀ።

ይሄን ሁሉ ያስቆፈረኝ የጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አምስት ኪሎ አብረን የተማርን ስምንት ልጆች ነን፤ አንዱ "ሰርፊንግ እንሂድ" አለ። ግማሾቻችን ባሕር በዓይናችን አይተን አናውቅም። የት እንሂድ ሲባል የመጀመሪያው መልስ "ምጽዋ ነዋ!" የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ "በምን?"

የድሮ የአዲስ አበባ ልጅ "በምን?" ብሎ አይጠይቅም ነበር። ከአደባባዩ ቸርችል ጎዳናን ይዘህ ቁልቁል ስትወርድ መጨረሻው ለገሐር ነው፤ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩ ከዚያ ተነስቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ይደርስ ነበር። አዲሱ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ መንገደኛ የሚጭነው ከፉሪ ለቡ ነው፤ ከፒያሳ እዚያ ለመድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው።

የምጽዋው ታሪክ ይበልጥ ያማል። ከ1945ቱ ፌዴሬሽን በኋላ የባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈር እዚያ ነበር። በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ በ1990 ጦርነት መጣ፤ ድንበሩም ተዘጋ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 የአስመራ በረራ ሲጀመር ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሲያለቅስ አይተናል። ያኔ ተማሪዎች ነበርን፣ ብር አልነበረንም፣ "ሥራ ስንይዝ እንሄዳለን" አልን። ሥራ ያዝን፤ ነሐሴ 28 ቀን 2016 በረራው ተቋረጠ። አሁን ዜና ላይ "ባሕር" ሲባል ወደብ ነው፣ ጦር ነው። ከጓደኛህ ጋር ገብተህ የምትንቦጫረቅበት ውሃ መሆኑን የሚያነሳ የለም።

ደግሞ የሚገርመው፣ ምጽዋ ብንደርስም ሰርፍ የለም። ለሰርፍ የሚሆን ሞገድ በሺዎች ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ ላይ በነፋስ እየተገፋ ነው የሚያድገው። ቀይ ባሕር ጠባብ ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስ ሞገድ እንዳይገባ ደግሞ ባብ ኤል መንደብ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ በር አለ። እዚያ ያለው አጭር፣ የተቆራረጠ ማዕበል ነው። ይሄን ግሩፑ ላይ ስጽፍ አንዷ "ኢንጂነር መሆን ይሄ ነው ጉዱ" አለችኝ።

ስለዚህ ሞምባሳ። በሞያሌ አድርገን በመኪና ናይሮቢ፣ ከዚያ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ባቡር እስከ ባሕሩ ያደርሳል፤ የቸኮለ በአውሮፕላን ይምጣ። በእኛ ክረምት እዚያ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ይበረታል፤ ትልቁን ሞገድ ግን ከዳር ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ድንጋይ ስለሚሰብረው ለጀማሪ አያስፈራም።

ቀጠሯችን ሰኔ መጨረሻ፣ መነሻችን ሴባስቶፖል ሥር፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ከዚያ በፊት ግን ላንጋኖ አንድ ቅዳሜና እሑድ አለን፤ ከስምንታችን አምስታችን ዋና አንችልም።