“ሽሚጣ” ምን ማለት ነው?

“ሽሚጣ” የሚለውን ቃል በስብከት ሰምተውት ይሆናል። ቃሉ ዕብራይስጥ ነው። የወጣበት ግሥ በእጅ የያዙትን ነገር መልቀቅ፣ እንዲወድቅ መተው ማለት ነው። ኢዩ ኤልዛቤልን ከመስኮት እንዲጥሏት ጃንደረቦቹን ሲያዝ የተጠቀመው በዚሁ ግሥ ነው (2ነገ. 9፥33)።

በሕጉ ውስጥ የሚለቀቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ መሬት ነው (ዘጸ. 23፥10-11)፣ ሌላው ዕዳ (ዘዳ. 15፥1-2)። ልብ ይበሉ፣ አንዴ ተለቅቆ የሚያበቃ ነገር አይደለም። በየሰባት ዓመቱ እንደገና ይለቀቃል። በ50ኛው ዓመት ከሚሆነው ኢዮቤልዩ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው፤ የዚያኛው ነጻነት “ደሮር” በሚል ሌላ ቃል ነው የተጠራው (ዘሌ. 25፥10)።

እንግዲህ በስድስተኛው ዓመት ማን ያበድራል? ዘዳ. 15፥9 ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ ዓመቱ ቀርቧል ብሎ ለድሀ ወንድሙ የሚነፍገውን ሰው ኃጢአት ይሆንብሃል ይለዋል። ሆኖም በኋለኛው ዘመን ሰዎች ማበደር አቆሙ። የአይሁድ መምህር ሂሌልም ዕዳው በፍርድ ቤት እጅ እንዲሆንና እንዳይለቀቅ የሚያደርግ “ፕሮዝቡል” የተባለ ሰነድ አወጣ። ሕጉን አዳከመ የሚሉት አሉ። እኔ ግን ልፈርድበት ይከብደኛል፤ አበዳሪ በማጣት የሚራበው ድሀው ነበርና።

ለቅቆ መልሶ መያዝን በሚመለከት ግን ኤርምያስ 34ን ሳያነቡ አይለፉ። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከብበው ሳለ ንጉሥ ሴዴቅያስና አለቆቹ ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን በቃል ኪዳን ለቀቁ። የግብፅ ሠራዊት ሲመጣ ከበባው ላላ (ኤር. 37፥5)፤ ሰዎቹም የለቀቋቸውን መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። የእግዚአብሔር መልስ በራሳቸው ቃል ነው፤ ነጻነትን ስላላወጃችሁ እኔ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለራብ “ደሮር” አውጅላችኋለሁ አላቸው (ቁ. 17)። መፈታታቸው ለጥፋት ሆነ ማለት ነው።

በእስራኤል ሽሚጣ ዛሬም ይቆጠራል። ያለፈው እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2022 ነበር፤ ቀጣዩ ከ2028 እስከ 2029 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቃሉን ከዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ጋር አያይዘው ያስፈሩን ነበሩ። በዘዳግም 15 ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያገኙም። እዚያ ያለው አበዳሪና ተበዳሪ ነው።

የብሉይ ኪዳን የግሪክ ተርጓሚዎች ሽሚጣንም ደሮርንም “አፌሲስ” ብለው ተረጎሙ። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን የኃጢአት ስርየት ተብሎ የሚተረጎመው ነው። በሉቃ. 4፥18 ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ ስለ ታሰሩት፣ ሁለተኛው ስለ ተጠቁት ሲናገር። ጌታ በናዝሬት ምኵራብ ሲያነብ ይህን የሰሙት ሰዎች ዕዳ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ነበሩ።