ከአዳራሹ ውጭ የቀሩት፦ የማውንት ሎረል የ30 ዓመት ሙግት

መሬት ነክ ውሳኔ ሲወሰን “ሕዝቡ ተጠይቋል ወይ?” ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፦ የተጠየቀው የትኛው ሕዝብ ነው? በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት የምትገኘው ትንሿ ማውንት ሎረል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማውንት ሎረል የገበሬዎች መንደር ነበረች። በ1950 ነዋሪዎቿ 2,817 ነበሩ። አውራ ጎዳናው ሲዘረጋ፣ ከካምደንና ከፊላደልፊያ የሚወጣው ሰው ሲበዛ፣ በ1970 ቁጥሩ 11,221 ደረሰ። የከተማዋ መደበኛ ደንብ ግን በመኖሪያ ክልል የሚፈቅደው በራሱ ግቢ ለብቻው የቆመ የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ነበር። አፓርታማ ክልክል ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ነበር። የትምህርት ቤት ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከቤትና ከመሬት ግብር ነው። ርካሽ ቤት የሚያስገባው ግብር ትንሽ ነው፤ የቤቱ ልጆች ግን እንደማንኛውም ልጅ ይማራሉ። በዚህ ስሌት ድሃ ጎረቤት ለከተማዋ ካዝና ኪሳራ ተደርጎ ታየ።

በከተማዋ ስፕሪንግቪል በተባለ ሰፈር ደግሞ ከትውልድ ትውልድ እዚያው የኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች ነበሩ። አንዳንዶቹ የሚኖሩት ቀድሞ የዶሮ ቤት በነበረ ጎጆ ውስጥ ነው። ኤተል ሎረንስና ጎረቤቶቻቸው 36 አፓርታማዎች እንዲሠሩ የመሬቱ ምደባ ይቀየርልን ብለው ጠየቁ። በ1970 የከተማዋ ከንቲባ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ተገኝተው መልስ ሰጡ፦ እዚህ ለመኖር አቅም የሌለው ለቅቆ ይሂድ የሚል ነበር።

በ1971 ክስ ተመሠረተ። በ1975 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከተማ መሬቷን ስትመድብ ያሉትን ነዋሪዎች ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ቤት የሚፈልጉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውንም ማሰብ አለባት ሲል ፈረደ። ፍርዱ ግን መሬት አልረገጠም። በ1983 ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ማጠናከር ግድ ሆነበት። ኤተል ሎረንስ በ1994 ሲያርፉ የጠየቋቸው ቤቶች ገና አልተሠሩም ነበር።

በ1997 ጉዳዩ በከተማዋ የፕላን ቦርድ ፊት ለሕዝብ አስተያየት ቀረበ። ተቃዋሚዎች ወንጀል ይበዛል፣ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል፣ ግብር ይጨምራል አሉ። የሰጋ ሰው ስጋቱን መናገሩ መብቱ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ቤቱ ገና አልተሠራምና ነገ የሚገባበት ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም። እጎዳለሁ ብሎ የሚፈራ ራሱን ያውቃል፣ ይመጣል፤ የሚጠቀመው ግን ምናልባት ሌላ ከተማ ተከራይቶ የሚኖር፣ ስብሰባ መኖሩንም ያልሰማ ሰው ነው።

ቦርዱ ዕቅዱን አጸደቀ። በ2000 የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ገቡ፤ በኋላ ቤቶቹ 140 ደረሱ፣ በኤተል ሎረንስም ስም ተሰየሙ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቻቸው ከተማዋን ከተመሳሳይ አጎራባች ከተሞች ጋር አነጻጽረው ውጤቱን በ2013 አሳተሙ። የተፈራው አልደረሰም፤ ቤቶቹ በወንጀልም፣ በቤት ዋጋም፣ በግብርም ላይ ጉዳት ስለማስከተላቸው ማስረጃ አልተገኘም።

ሕዝብን ሳይጠይቁ መወሰን በደል ነው። ሆኖም አዳራሽ የሞላው ሰው ብቻውን ሕዝብ አይደለም። እጅ ከመቁጠር በፊት ጉዳዩ የሚነካው ማንን እንደሆነና ከእነዚያ መካከል ያልመጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ማውንት ሎረል ላይ ይህ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ 30 ዓመት ፈጀ፤ የጠየቁትም ሴት ቤቶቹን ሳያዩ አለፉ።