ታርዛንን ያስጠነቀቁ የጎንደር ልጆች

በ1950ዎቹ ጎንደር ውስጥ የአሜሪካ ፊልም ያዩ የነበሩ ልጆች ታርዛን አደጋ ላይ ሲወድቅ ይጮኹ ነበር። ከጀርባው ጦር ይዘው የሚያደቡበት አፍሪካውያን ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ ዞር ብሎ እንዲያያቸው ነው ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ የሚጮኹለት። ተራራው ላይ ወጥተው ካውቦይና ኢንዲያን ሲጫወቱም ኢንዲያኖቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ አልነበረም። ይህን የተናገረው ከነዚያ ልጆች አንዱ፣ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኃይሌ በ1946 ተወለደ። አባቱ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ያገር ወግና ታሪክ የጠገበ ልጅ ነው እንግዲህ ለታርዛን የሚጮኸው። ስለራሱ ምንም የማያውቅ ልጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልገረመኝ።

ለመሆኑ ታርዛን ምን ነበር? ኤድጋር ራይስ በሮውስ ገጸ ባሕርዩን በ1912 ለንባብ ሲያበቃው አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። በ1932 የኦሎምፒክ ዋናተኛው ጆኒ ዋይስሙለር በኤምጂኤም ስቱዲዮ ታርዛን ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ጫካው ካሊፎርኒያ ነው። አንዳንዶቹ የአፍሪካ ትዕይንቶች ከዓመት በፊት ከወጣው «ትሬደር ሆርን» ከተባለ ፊልም የተረፉ ቁራጮች ናቸው። ዝሆኖቹ የእስያ ስለሆኑ ጆሯቸው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ትልልቅ ጆሮ ተደረገላቸው። እኔ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ፈገግ እላለሁ፤ ከውስጥ በልጥፍ የተያያዘ፣ ከውጭ ግን ተጠቃሚው ያመነው ሥራ!

ልጆቹን የማረካቸው ግን ጆሮው አይደለም፣ ካሜራው ነው። ካሜራው ታርዛን አጠገብ ይቆማል፤ ፊቱን ከቅርብ ያሳየናል። ጦር የያዙት ሰዎች ከሩቅ፣ በጅምላ፣ ያለ ስም ይመጣሉ። ሰው ደግሞ በቅርብ ላየው ፊት ያደላል።

ለዚህ ቋንቋ እንኳ አያስፈልግም። ነቀምቴ ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ስንታጨቅ ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ እኛ በኦሮምኛ። ንግግሩ አይገባንም፤ «አክተሩ» ማን እንደሆነ ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ እናውቃለን። ራምቦን ከኋላው ሰው ሲመጣበት ቤቱ «ዱባ ኬ ኢላሊ!» ብሎ ይናወጣል። (ከኋላህ እይ ማለት ነው እንጂ የሚበላው ዱባ የለበትም።) ከጎንደሮቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው ጩኸት።

ኃይሌ በ1967 አሜሪካ ሄደ። ቺካጎ ትወና ጀመረ፣ ከዚያ ታርዛን በተሠራባት ከተማ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ገብቶ ፊልም ተማረ። በዚያው ሰሞን ሆሊውድ ራሱ ወደ እኛ መጣ፤ በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» እዚሁ አገራችን ተቀርጾ ደበበ እሸቱም ተጫውቶበታል። ጀግናው በዚህ ጊዜ ጥቁር ነው፤ ካሜራው ግን አሁንም ከአሜሪካ ከመጣው እንግዳ ጎን ነው የቆመው።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 ሲወጣ ነው ቦታው የተቀየረው። ንጉሡ በወረዱ ማግስት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ባለመሬቱ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ሲቆጣጠር እናያለን፤ ካሜራው ግን ከታች ከሚያርሱት ጋር ነው። በሬዎቹን ይከተላል፣ ውሎውን ሙሉ አይቸኩልም። አንድ ሰው እስኪገደል የሚጠብቅ ተመልካች ይሰለቻል፤ አንድ የሚገደል ሰው ቢኖርም ለማየት መቆየት ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት መዘግየቱ ነው የፊልሙ ጉልበት፤ ታርዛን ላይ ስም ያልተሰጣቸው ሰዎች እዚህ ፊታቸውን ለማሳየት ጊዜ አገኙ።

ወደ ሕዝብ ማድረሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ፊልሙን ከከተማ ከተማ ለጥቁር ተመልካች ራሱ አሳየው። በኋላም ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሲያስተምርበት በኖረው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚሁ ፊልም ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈተ።