ሃሪኬን ሲመጣ ባንኮች እንዴት ይዘጋጃሉ? እኛስ?

ባንክ ቤት ቆሞ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ያልሰማ ሀበሻ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ሃሪኬን በመታው ከተማ ግን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። ሂዩስተን ወይም ፍሎሪዳ ሆኖ ካምፓላ ወይም ናይሮቢ ላለ ቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ ሰው ባንኩ ሲቆምበት፣ እዚያ ያለው ዘመዱም የቤት ኪራይ ይጎድልበታል።

የአትላንቲክ ሃሪኬን ወቅት ከሰኔ (ጁን) 1 እስከ ኅዳር (ኖቬምበር) 30 ነው። በህንድ ውቅያኖስ ይኸው ዓይነት ማዕበል «ሳይክሎን» ይባላል። በ2019 ኢዳይ የሞዛምቢኳን ቤይራን፣ በ2020 ደግሞ ጋቲ ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን መትተዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ይበላሻል?

ሃሪኬን ማሪያ ፖርቶ ሪኮን የመታችው መስከረም (ሴፕቴምበር) 20 ቀን 2017 ነው። ደሴቲቱ በሙሉ ጨለመች፤ ከ90 በመቶ በላይ የሞባይል ማማዎች ሥራ አቆሙ። መብራት ከሌለ ኤቲኤም የለም፣ ኔትወርክ ከሌለ ካርድ አይሠራም። ሱቆች «ካሽ ብቻ» አሉ፤ ሕዝቡ ለጥሬ ገንዘብ ረጅም ሰልፍ ያዘ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ገንዘብ በአውሮፕላን ለመላክ ተገደደ። ሰው ሂሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ አልጠፋበትም፤ የጠፋው ወደ ገንዘቡ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

በጥቅምት (ኦክቶበር) 2012 ሳንዲ ኒውዮርክን ስትመታ የአክሲዮን ገበያው ሁለት ቀን ተዘጋ። በታችኛው ማንሃተን አንዳንድ የዳታ ማዕከሎች ጄኔሬተራቸውን ፎቅ ላይ አድርገው ነበር፤ የነዳጁ ፓምፕ ግን ምድር ቤት ነበረ። ውሃው ምድር ቤት ሲገባ ፓምፑ ቆመ። በአንዱ ሕንፃ ሠራተኞች ናፍጣ በባልዲ እየያዙ ደረጃ ሲወጡ ሰነበቱ።

ባንኩ ከወቅቱ በፊት ማድረግ ያለበት

• መጠባበቂያ የዳታ ማዕከል ማዘጋጀት፤ ያውም በሌላ ክልል፣ በሌላ የመብራት መስመር። ሁለቱን አንድ ማዕበል ከደረሰባቸው መጠባበቂያው ዋጋ የለውም።
• ሥራውን ወደ መጠባበቂያው አዛውሮ መሞከር። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ዕቅድ በችግር ቀን አይታመንም።
• ሁለት ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ፦ በስንት ሰዓት ውስጥ ሥራ እንጀምራለን? የስንት ደቂቃ ግብይት ቢጠፋ እንችለዋለን?
• ጄኔሬተሩን ብቻ ሳይሆን ነዳጁን፣ ፓምፑንና ነዳጅ አቅራቢውን ማረጋገጥ።
• የኢንተርኔት መስመር ከሁለት ድርጅት፣ በተለያየ መንገድ ማስገባት።
• ካርድና ክፍያ የሚያስተናግዱለትን ድርጅቶች ዝግጅት መጠየቅ። ባንኩ ቆሞ እነሱ ከወደቁ ደንበኛው ለውጥ አያይም።
• ጥሬ ገንዘብ ቀድሞ ማዘዝ፣ የስልክ አገልግሎቱን ከሌላ ከተማ መስጠት።
• ሠራተኛውን ማሰብ። ገንዘብ ከፋዩም ቤቱ በጎርፍ ተወስዶበት ሊሆን ይችላል።

ከአደጋ በኋላ የአሜሪካ ባንክ ተቆጣጣሪዎች ባንኮች የኤቲኤም ክፍያ እንዲተዉ፣ የቀን ወጪ ጣሪያ እንዲያነሱና ለብድር ከፋዮች ጊዜ እንዲሰጡ ያበረታታሉ። ይህ ግን ሁልጊዜ በራሱ አይመጣም፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

እኛስ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ማስጠንቀቂያው እንደተሰማ፦

1. ለጥቂት ቀን የሚበቃ ካሽ በዝርዝር ኖት ያዙ። መልስ የሚሰጥ ሱቅ ላይገኝ ይችላል።
2. ደመወዝ በቼክ የምትቀበሉ ከሆነ ቀጥታ ወደ ሂሳብ እንዲገባ አድርጉ፤ ፖስታ ይቆማል።
3. ፓስፖርት፣ የመኖሪያና የጥገኝነት ወረቀቶችን በፕላስቲክ ጠቅልሉ፤ ፎቶም አንሱ።
4. የባንኩን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉ። ፓወር ባንካችሁን ቻርጅ አድርጉ።
5. ለቤተሰብ የሚላከውን ከማዕበሉ በፊት ላኩ፤ የደረሰኙን ቁጥር ወዲያው ለተቀባዩ ስጡ።
6. ከአደጋ በኋላ የሚደውሉ አጭበርባሪዎችን ተጠንቀቁ። ፌማ የተባለው የፌዴራል የአደጋ መሥሪያ ቤት ለእርዳታ ማመልከቻ ገንዘብ አያስከፍልም።

ኤፍዲአይሲ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ዋስትና የሚሰጠው ባንኩ ሲከስር ነው። በባንኩ የኪራይ ካዝና ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ወርቅም ሆነ ካሽ ዋስትናው አይሸፍነውም። ውሃ የሚፈራ ወረቀት እዚያም ቢሆን በፕላስቲክ ይቀመጥ።