ጠገራ፣ ሊሬና ሽልንግ በራያ ቆላ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዋጃ፣ በስተ ምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የዞብል ሰንሰለት ይታያታል። ከዞብል ወዲያ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። የደጋው ገብስ፣ የራያ ማሽላና ጤፍ፣ የአፋር ከብትና ጨው በሚገናኙበት በዚህ ሜዳ፣ የገንዘብ ዓይነቶችም እንደ ሸቀጡ ሁሉ ሲገናኙና ሲመዘኑ ኖረዋል። የምንዛሪን ታሪክ ከባንክ መዝገብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያገኛል፤ የቀረው ግማሽ ያለው በገበያተኛው እጅ ነው።

እንደሚታወቀው፣ የሰሜን ኢትዮጵያ ገበያ ለብዙ ዘመን በሁለት ገንዘብ ይተዳደር ነበር። አንደኛው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቈርጦ በግመልና በአጋሰስ የሚጓዘው አሞሌ ሲሆን፣ ሁለተኛው በኦስትሪያዊቷ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ስም የሚታተመው፣ ዘወትር 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት ጠገራ ብር ነው። በሁለቱ መካከል የጸና ተመን አልነበረም። አሞሌው ከጨው ሜዳው በራቀ ቊጥር ይወደዳል፤ አንድ ጠገራ የሚገዛው አሞሌም በዚያው ልክ ያንሳል። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ገበያተኛው ግን በክብደቱ ብቻ አይረካም ነበር። የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ነጥብ በነጥብ ተመልክቶ፣ መልኩ የደበዘዘውን ለባለቤቱ ይመልሳል።

ይህ ጥንቃቄ ለነገሥታትም አልተመለሰም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. በዐዋጅ ያቋቋሙትና በፓሪስ ያሳተሙት ብር፣ በክብደቱ ከጠገራው ጋር የተስተካከለ ሆኖ ሳለ፣ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ሕዝቡ የለመደውን መልክ አልለቀቀም።

ፋሽስት ኢጣሊያም ይህን አስቀድማ ተረድታ ነበር። ከወረራው በፊት፣ በ1927 ዓ.ም.፣ የማርያ ቴሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከቪየና ተረክባ ጠገራውን ራሷ ማተም ጀመረች። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሲካሄድ፣ የራያና የአዘቦን ታጣቂዎች ልብ ለመሳብ ከሁለቱም ወገን የታደለው ይኸው ጠገራ ነበር። ድሉ ከተገኘ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ብር እየሰጠ የገባው ወራሪ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊሬን የአገሪቱ ገንዘብ አድርጎ፣ ብሩን ስጡኝ፣ ወረቀቱን ውሰዱ ማለት ጀመረ።

የኢትዮጵያ ባንክ የወረቀት ገንዘብ የተሰበሰበው አንዱ ብር በ3 ሊሬ ሒሳብ ነው። ብዙም ሳይቈይ፣ በመስከረም 1929 ዓ.ም.፣ ሮም የሊሬውን የወርቅ ዋጋ በ41 በመቶ ያህል ዝቅ አደረገች። ጠገራውን ከሕዝቡ እጅ ለማውጣት የተቈረጠው ተመንም ወደ 4.50፣ ቀጥሎ ወደ 5፣ በመጨረሻም ወደ 13.50 ሊሬ ከፍ አለ። ሆኖም ተመኑ በጨመረ መጠን የባለጠገራው ጥርጣሬ እንጂ ፍላጎቱ አልጨመረም። ትናንት 5 የተባለው ዛሬ 13 ከተባለ፣ ነገ ምን ሊባል ነው?

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዋጃ በኩል የሚያልፈውን ጎዳና ያሠራው ወራሪ ለሠራተኛው ሊሬ ይከፍላል፤ የሊሬው ኀይል ግን የወታደሩ ጥበቃ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው። ጠገራው በቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን ገበያ ሳይቀር የታወቀ ገንዘብ ነበር። በመሆኑም ሰው ሊሬውን ለዕለት ጉዳዩ እያዋለ፣ ጠገራውን በማሰሮ ቀበረው።

በ1933 ዓ.ም. የወራሪው አገዛዝ ሲወድቅ ሒሳቡ ተወራረደ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በ24 ሊሬ ተተመነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ በ2 ሽልንግ፣ ማለትም በ48 ሊሬ ሒሳብ ሆነ። እንግዲህ በ1928 ዓ.ም. አንድ ብሩን በ3 ሊሬ ለውጦ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያኖረ ሰው የቀረው የብሩ ዐሥራ ስድስተኛ እጅ ነው። በ13.50 የለወጠውም እንኳ ከሩብ ብር እምብዛም አላለፈም። ማሰሮውን የቀበረው ገበሬ ብሩን እንደ ነበረ አወጣ። ኪሳራውን የተሸከሙት ወረቀቱን ያመኑት፣ ወይም ሌላ የሚከፈላቸው ያልነበረው የጎዳና ሠራተኞችና ድኾች ናቸው። የምንዛሪ ተመን በቢሮ ቢቈረጥም ዕዳው የሚከፈለው ከእንዲህ ያለው ሰው ጕልበት ነው።

አዲሱ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዚህ ታሪክ ትምህርት የወሰደ ይመስላል። አብዛኛው አዲስ ገንዘብ ወረቀት ቢሆንም፣ 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የ50 ሳንቲም ገንዘብ በፊላዴልፊያ ከብር ተቀርጾ መጣ። ብርን በእጁ መዝኖ ለኖረ ሕዝብ ወረቀቱን የሚያስታርቅ ዋስ ነበረ። አንድ ብር 2 ሽልንግ በመሆኑም፣ ሕዝቡ ይህችን የብር ግማሽ «ሽልንግ» አላት። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከአገር ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ስሙ በገበያ ላይ ቀረ። ባለሙያዎች በመዝገብ ያሰፈሩትን የምንዛሪ ተመን፣ ሽንኩርት ሻጯ በአንዲት ቃል አኑራዋለች።