መኪናዎ በፍጥነት መንገድ ላይ ቢበላሽ ቤተሰብዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት በጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ልጆችዎን ይዘው ሲጓዙ መኪናዎ ቢበላሽ፣ ትልቁ አደጋ ብልሽቱ ሳይሆን ከኋላ የሚመጣው መኪና ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ መቆምዎን ሲያውቅ ጊዜ ላይተርፈው ይችላል።

መኪናው መንቀሳቀስ ከቻለ ወደ ቀኝ ጠርዝ ያውጡት። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ በሁለቱም በኩል ያሉትን ፍሬቻዎች አንድ ላይ ያብሩ። ከዚያ ሁሉም በቀኝ በር ይውረድ። የተኛ ልጅም ቢሆን ይቀስቀስ፤ ሻንጣው ግን ይቅር። ልጆቹን እጃቸውን ይዘው፣ ስፍራው ገደል ወይም ድልድይ ካልሆነ፣ ከብረት አጥሩ ጀርባ ይሁኑ። መኪናዎ ቢገጭ ወደ ፊት ስለሚወረወር፣ ከፊቱ አይቁሙ፤ ከኋላው ራቅ ብለው ይቁሙ።

ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂውን ምልክት ያለ ስጋት ማስቀመጥ ከቻሉ 100 ሜትር ያህል ከኋላ ያኑሩት። በግራ በኩል የተነፈሰ ጎማ ለመቀየር ግን አይሞክሩ። ከመኪናው መውረድ ካልተቻለ ሁሉም የደህንነት ቀበቶውን አስሮ ይቆይ። ለፖሊስ 991፣ የተጎዳ ሰው ካለ ደግሞ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ፤ ያሉበትን ስፍራና የጉዞ አቅጣጫዎን ይንገሩ።

ከቤት ከመነሳትዎ በፊት ለልጆችዎ “መኪናው ከቆመ በቀኝ በር እንወርዳለን፤ ማንም ወደ መኪናው አይመለስም” ብለው ያስረዷቸው። በድንጋጤ ሰዓት የሚያስታውሱት አስቀድመው የሰሙትን ነው።