የስድስት ኪሎው ደረጃ ምን ተሸክሟል?

ስድስት ኪሎ የተማረ ሁሉ ያንን ጠመዝማዛ ደረጃ ያውቀዋል። ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ላይ ይዞራል እንጂ የትም አያደርስም። ሌላው ተማሪ ሥሩ ፎቶ ሲነሣ፣ እኛ የሕንፃ ተማሪዎች የምንከራከረው በሌላ ነገር ነበር፦ ከዚህ ውስጥ ተሸካሚው የትኛው ክፍል ነው?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም እኮ። ቤት የሚያድስ ሰው ከደረጃው ሥር ያለችውን ግድግዳ «ቦታ ፈጀችብኝ» ብሎ ሊያፈርስ ይነሣል። ያቺ ግድግዳ ግን የደረጃውን ማረፊያ ተሸክማ ሊሆን ይችላል። መዶሻ ከመነሣቱ በፊት ፕላኑ ይታያል፤ ፕላን ከሌለ ልስኑን በትንሹ ፈቅፍቆ አርማታው ወይም እንጨቱ ምን ላይ እንዳረፈ እስከ መሠረቱ መከተል ነው። ማንኳኳት ብቻውን አያስተማምንም። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ በድጋፍ ሳይያዝ አይነካም።

ወደ ደረጃችን ስንመለስ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በወረራው ዘመን የፋሺስቱ እንደራሴ መቀመጫ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። ጠመዝማዛውን ደረጃ ያቆሙትም ጣሊያኖቹ ናቸው፤ እርከኖቹ፣ እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1922ቱ የሮም ጉዞ ወዲህ ሙሶሊኒ የገዛባቸውን ዓመታት ይቆጥራሉ። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ግቢው ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነውና፣ እኛ የደረስነው አንበሳው ከላይ ሆኖ ነው።

በመሐንዲስ ዓይን አንበሳው ሸክም እንጂ ተሸካሚ አይደለም። ቢነሣ ደረጃው አይወድቅም፤ እንዲያውም ይቀለዋል! ግን ምን ይተርፋል? ወራሪው የቆጠረው ዘመን ብቻ። ደረጃው ፈርሶ አንበሳው መሬት ላይ ቢቀመጥስ? ምን ረግጦ እንደቆመ የሚያውቅ ይጠፋል። በእኔ አስተያየት አንዱን ካንዱ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ እድሳት ደረጃውን የሚነካው ቀን ከመሐንዲሱ ጎን የታሪክ ትምህርት ክፍል ባልደረባ ይቁም። አስቀድሞም እያንዳንዱ እርከን፣ አንበሳው ከጫፉ ጋር የተያያዘበት ቦታ ሳይቀር፣ ተለክቶና ፎቶ ተነሥቶ በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።